የገለበጥኩት ፔዳል

ቃሊቲ ውስጥ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ግቢ ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ቀን ቀን ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ባለች ኪዮስክ ሞባይል እጠግናለሁ፤ የእስረኛ ጠያቂዎች ሲገቡ ስልካቸውን እኔ ጋ አደራ ያስቀምጣሉ። ከሥራ ስመለስ አውሮፕላን አበራለሁ። አውሮፕላኑ ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለ ነው፤ ከመርካቶ በተገዛ ኮፒ ሲዲ የጫንኩት ጨዋታ። እውነተኛውን አውሮፕላን ተሳፍሬበት አላውቅም፣ ከውስጥም አይቼው አላውቅም።

በኪቦርድ ማብረር ግን ያናድደኝ ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን የራሱን መቆጣጠሪያ ሠራሁ። ለትንሹ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን የመሳቢያ ሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት መሪ አበጀሁ፤ እንቅስቃሴውን የሚለካው ከአሮጌ ሬዲዮ የፈታሁት የድምፅ መጨመሪያ ነው። ለጄቱ ከቁራጭ ላሜራ ሁለት የሞተር ማንሻዎች ሠራሁ፤ ሲገፉና ሲሳቡ እንዳይላሉ ከሥራቸው የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ አደረግሁ። ለሄሊኮፕተሩ ጆይስቲክ አስፈለገ። እሱን ያመጡልኝ አከራዬ ናቸው፤ ከጅቡቲ ሲመለሱ በፌስታል ጠቅልለው፣ «ይኸው ካፒቴን፣ ገና ሞቅ ያለ ነው፤ ጋቢና ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የመጣሁት» ብለው ሰጡኝ። ካፒቴን የሚለውን ስም ያወጡልኝም እሳቸው ናቸው። ግቢው በሙሉ ተቀበላቸው።

ፔዳሉ ለሁሉም አንድ ነበር። መሐሉ ላይ ኩሽኔታ የገባበት፣ ግራና ቀኝ እግር የሚያርፍበት አግዳሚ ጣውላ ነው። ልጅ ሆነን እንደዚሁ ባለ ጣውላ እንነዳ ነበር፤ ከጋራዥ በለመንነው ኩሽኔታ የእንጨት ጋሪ ሠርተን፣ ፊተኛውን አግዳሚ በሁለት እግራችን እየገፋን ቁልቁለቱን እንወርዳለን። በዚያ ጋሪ ላይ ግራ እግርህን ስትገፋ ጋሪው ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ይህን እግሬ ያውቀዋል፣ ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳም ያውቀዋል።

ፔዳሉን መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር ሳገናኝ ግራውን ረገጥኩ፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ግራ ዞረ። ተሳስቷል አልኩ። ማስተካከያው ገጽ ላይ አቅጣጫ የሚገለብጥ ትንሽ ሳጥን አለ፤ ምልክት አደረግሁበት፣ ልክ ሆነ። ጨዋታው ማስተካከያውን ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ለየብቻ ነው የሚይዘው። ወደ ጄቱ ሄድኩ፤ እሱም «ተሳስቷል»፣ ሳጥኑን ነካሁ። ሄሊኮፕተሩም እንደዚያው። እያንዳንዱ አውሮፕላን ትክክለኛውን እያሳየኝ፣ እኔ ተራ በተራ አረምኳቸው። ጥንቃቄዬንም በልቤ አደንቅ ነበር።

የአከራዬ ሴት ልጅ በዚያ ዓመት በሲቪል ምሕንድስና ተመርቃ ሥራ ስትጠብቅ፣ የአብራሪነት ሥልጠና ማስታወቂያ ወጣ። ተመዘገበች፤ የጽሑፉን አለፈች። የቀረው ማሽን ላይ ተቀምጦ እጅና እግር አብረው መታዘዛቸው የሚታይበት ፈተና ነበር። አባቷ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ጠብቀው፣ «ካፒቴን፣ ልጄን አንተው ታለማምዳታለህ» አሉኝ። ሌላ ሰው ስለሌለ ሳይሆን ስለሚያምኑኝ ነበር ያሉት።

ሳምንታት ተለማመደች። በሩን ከፍተን፣ እሷ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ። ከትንሹ አውሮፕላን ወደ ጄቱ፣ ከጄቱ ወደ ሄሊኮፕተሩ ስንሸጋገር መሪውን አንስቼ ማንሻዎቹን አስራለሁ፣ ማንሻዎቹን ፈትቼ ጆይስቲኩን እተክላለሁ። እግሯ ግን የትም ላይ አንድ ዓይነት ነው የሚሠራው፣ የእኔን ጋሪ። ጎበዝ ነበረች። ሳትሳሳት የምትረግጥበት ደረጃ ደረሰች።

ፈተናው ሰኞ ነበር። ቅዳሜ የትምህርት ማስረጃዎቿን አስገብታ መጣች። አባቷ የተሳቢውን ጎማ እያጠቡ ነው፤ እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሽቦ እበይዳለሁ።

«ካፒቴን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ።»

«መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ?»

«ወረቀት ስናስገባ አንድ ልጅ ተዋወቅኩ፤ ባለፈው ዙር ተፈትኖ ነበር። ግራ ፔዳል ሲረገጥ አፍንጫው ወደ ግራ ነው የሚዞረው አለኝ። የለም፣ ወደ ቀኝ ነው ስለው ሳቀብኝ።»

«ባለፈው ዙር አለፈ?»

«አላለፈም።»

«ታዲያ ለምን እንደወደቀ አሁን ገባሽ?»

አባቷ ቱቦውን ይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ወይ ካፒቴን! ጨረስከው እኮ!» አሉ። እሷም ሳቀች፣ ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ። ስትስቅ ዓይኗ በክፍት በሬ በኩል ፔዳሉ ላይ ነበር።

እኔ ክፍሌ ገባሁ። በልጁ ላይ የቀለድኩትን ቀልድ ለራሴ እየደገምኩ ነበር። ከዚያ፣ ልክ መሆኔን ላሳያት ብዬ፣ ጨዋታው ውስጥ ካለው የማስተማሪያ ክፍል የመጀመሪያውን ትምህርት ከፈትኩ። እንግሊዝኛዬ ስለማያስተማምን አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም ነበር። በመዝገበ ቃላት እያየሁ ቀስ ብዬ አነበብኩ። ግራ ፔዳል፣ ወደ ግራ። አረፍተ ነገሩን ሌላ ትርጉም ይኖረው እንደሆነ ብዬ ብዙ ጊዜ መላልሼ አየሁት። የለውም።

ያን ጊዜ የተሰማኝ አለማወቅ አይደለም። አለማወቅን ለምጄዋለሁ፤ የተማርኩትን ሁሉ ሳላውቅ ጀምሬ ነው የተማርኩት። ያሳፈረኝ ሳጥኑ ነው። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በሁሉም አውሮፕላን ላይ፣ ልክ የሆነውን በእጄ ገልብጬ መሄዴ ነው።

ወጥቼ ነገርኳቸው። አባቷ ጨርቃቸውን እየጨመቁ ሰሙኝ።

«እና ልጁ ነው ልክ?» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«በል ታዲያ አስተካክለው። ነገ እሑድ አይደለም?»

ወደ ጎማቸው ተመለሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ወደ እግሮቿ ጎንበስ ብላ፣ «ሰማችሁ?» አለቻቸው። ለማሳቅ ነበር፤ ማናችንም አልሳቅንም።

እሑድ ጠዋት ሳጥኖቹን ላጠፋ ተቀመጥኩ። ትንሹን አውሮፕላን አስተካክዬ፣ ማስተካከያው እንዳይጠፋ መዘገብኩ። ሄሊኮፕተሩን አስተካክዬ መዘገብኩ። ጄቱ ላይ ምልክቱን እንዳነሳሁ መብራት ሄደ። በዚያ ሰሞን በባቡር ሐዲዱ ሥራ ምክንያት ነው እየተባለ መብራት ይመላለስ ነበር። ሲመጣ እሷ ወንበር ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጊዜ እንዳይባክን ብዬ ቀጥታ ወደ ልምምድ ገባን።

በትንሹ አውሮፕላን ጥቂት ተደናግራ ለመደች። ወደ ጄቱ ስንሸጋገር መሳሳት ጀመረች። ማኮብኮቢያው ላይ አፍንጫው ወደ ቀኝ ሲሸሽ «ግራ!» እላታለሁ፤ ይብሱን ወደ ቀኝ ትወጣለች።

«ግራ እኮ ነው የረገጥኩት።»

«አልረገጥሽም። የድሮው ልማድ ነው እግርሽን የያዘው። አታስቢ፣ እኔ የምልሽን ብቻ አድርጊ።»

«ግራ ነው የረገጥኩት እልሃለሁ!»

«እሺ እንደገና።»

እንደገና ወጣች። ተቆጣሁ። በሕይወቴ ሰው ላይ ጮኼ የማላውቅ ሰው ነኝ፣ በዚያ ቀን ግን ጮህኩባት። አባቷ በመስኮት ብቅ ብለው አይተውን ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ግራም ልትረግጥ ስትል፣ ቀኝም ልትረግጥ ስትል ቀድማ ዞራ ፊቴን ታይ ነበር።

ሰኞ ሄደች። ያለፉት ስም ሲለጠፍ የእሷ የለበትም። ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ ልብስ እያሰጣች ነበርና ሳትዞር፣ «እግሬ ከመርገጡ በፊት ማሰብ ጀመረ። ማሽኑ አይጠብቅም» አለችኝ። ልብሱን ላቀብላት ብዬ ቆምኩና እጄን የት እንደማደርገው አጣሁ። ከዚያ በኋላ በግቢው በር ስገባ ኮቴዬ እንዳይሰማ እየተጠነቀቅሁ መራመድ ጀመርኩ።

አባቷ ግን ካፒቴን ማለታቸውን አልተዉም።

«ጋሼ፣ እባክዎ እንደሱ አይበሉኝ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ምን ልበልህ ታዲያ? እኔ ስንት ጊዜ ተገልብጬ፣ እስከ ዛሬ ሹፌር አይደለም የሚሉኝ? ለሚቀጥለው ዙር ትመዘገባለች። አሰናዳላት።»

«ሌላ ሰው ይፈልጉላት።»

«ከየት? እሷም አንተኑ ነው ያለችው።»

አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ ያን ቅዳሜ የቀለድኩበት ልጅ መጥቶ ሁሉን እንዲያይልኝ። እሱ በዚህኛው ዙር አልፏል፤ ሥልጠና ሊጀምር ነበር። እሷ ደውላ ጠራችው። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ጫማውን በር ላይ ላውልቅ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ትሑት ልጅ ነው። መሪውን ሳብ ገፋ አድርጎ፣ «ይሄን በእጅህ ነው የሠራኸው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ምስጋናው የሚያርፍበት ቦታ አልነበረኝም።

ትንሹን አውሮፕላን ሞከረ፤ ልክ ነው አለ። ሄሊኮፕተሩን ሞከረ፤ ልክ ነው። ጄቱ ላይ ግራውን ረገጠ፣ ቆመ፣ እንደገና ረገጠ።

«ይሄኛው ግን ገና እንደተገለበጠ ነው» አለ።

ሳልመዘግበው መብራት የሄደበት ነው። መብራት ሲመለስ አልፈተሽኩትም። እሑድ ቀኑን ሙሉ የጮህኩባት ልክ ስትረግጥ ነው፤ አንዱ አውሮፕላን የሚያስተምራትን ሌላው እያፈረሰባት ነበር፣ እኔም ከአፍራሹ ጎን ቆሜ። ወደ እሷ ልዞር ፈልጌ አንገቴ እምቢ አለኝ። ልጁ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም፤ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል።

«ተነስና ልየው» አለች እሷ፤ ለልጁ ነው።

ተነሳላት። ማውሱን እኔ ይዤ ነበር፤ ሰጠኋት። ማስተካከያውን ከፈተች፤ ሳጥኑን አገኘች፤ ምልክቱን አነሳች፤ መዘገበች። ከዚያ ጨዋታውን ዘጋችው። እንደገና ከፈተችና ወደዚያው ገጽ ተመልሳ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን አየች። ለሌሎቹም እንዲሁ አደረገች፤ አንድ በአንድ፣ እየዘጋች እየከፈተች፣ ሳትቸኩል። እኔ ያንን ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን እንደዚያ አድርጌ አላውቅም ነበር።

ስትጨርስ እግሮቿን ጣውላው ላይ አሳረፈች። ፊቴን ለማየት አልዞረችም።