የፎካ ሽኝት

ማሴሊሶን የማውቃት ማፑትሶ ከተማ ካለው የልብስ ፋብሪካ ነው። እሷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ እኔ እጅጌ እገጥማለሁ፤ የስፌት መኪኖቻችን ጎን ለጎን ናቸው። ሳቂታ ነበረች። ተቆጣጣሪው በተቆጣን ቁጥር ከኋላው አነጋገሩን እያስመሰለች በሳቅ ታፈርሰን ነበር።

አባቷ የሞተ ጊዜ ለቀብሩ እስከ መንደሯ ሃ ሴፋኮ አብሬያት ሄድኩ። ከቀብር መልስ፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ቴፎ የሚባል ሽማግሌ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ተነሣ። ማሴሊሶ እንደ ወጉ ልትሸኘው ተከተለችው። ሰውየው ዞር ብሎ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ «ተመለሺ ልጄ። ከዚህ ቤት ሰው አይሸኘኝም» አላት። ደጅ የነበረው ሁሉ ሰምቷል፤ ሁሉም ግን ወደ ሳህኑ አቀረቀረ።

አክስቷን ብትጠይቅ ሽማግሌው ጃጅቷል አለቻት። አያቷን ማታቢሶን፣ በቋንቋችን ንኮኖ፣ ማለትም አያቴ የምንላቸውን፣ ለመጠየቅ ግን ፈራች። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስለ ባላቸው ስለ ኮአባኔ በቤቱ የሚነገረው ጆሃንስበርግ ወርዶ ማዕድን ሲቆፍር እዚያው መቅረቱ ብቻ ነበር። እንዲህ የቀረ ሰው የሌለበት ቤት ስለሌለ ማንም ከዚያ አልፎ አይጠይቅም። በመጨረሻ ነገሩን ያፈረጠው የአጎቷ ልጅ ነው፣ ጠጥቶ። «የምን ማዕድን? አያትሽ እኮ ማሴሩ ነው የተሰቀለው።»

ከዚያ በኋላ ሥራዋ መኪናዋ ላይ አቀርቅራ መዋል ሆነ። መርፌ ጣቷን ወግቷት ደሟ ነጩን ኮሌታ ሲያበላሸው እንኳ ልብ አላለችም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ የድሮ ፍርዶች ዋና ከተማችን ማሴሩ ባለው መዝገብ ቤት እንደሚገኙ ማጣራቷን ነገረችኝና እንድሸኛት ለመነችኝ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ደግሞ ከእሷ የተሻለ ተምሬያለሁ።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ የተቀበለችን ሴት ዓመቱን ጠየቀችን። ማሴሊሶ አባቷ ያኔ ገና ጡት ይጠባ እንደነበር እንጂ ሌላ አታውቅም። ሴትዮዋ የመንደሩን ስም ይዛ ገባችና ቆይታ አንድ የታሰረ የወረቀት ክምር ይዛ ወጣች። ከመስጠቷ በፊት ግን፣ «የሟች ወገን ናችሁ ወይስ የገዳይ?» አለች።

ማሴሊሶ እጇን ወደ ክምሩ ዘረጋች። «የገዳይ» አለች።

እያነበብኩ በለሆሳስ ወደ ቋንቋችን እመልስላት ጀመር። የአካባቢው ሹም ሥልጣኑን ያጸናል ተብሎ የሚታመነው የመድኃኒት ቀንዱ እንዲታደስለት ፈልጎ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ የሰው ሥጋ ያስፈልጋል። የተመረጠው ፎካ የሚባል ጎረቤት ነው፤ የኮአባኔ የልብ ወዳጅ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፎካ ኮአባኔ ቤት ጠላ ሲጠጣ ዋለ። ሊሄድ ሲነሣ ኮአባኔ «ልሸኝህ» ብሎ አብሮት ወጣ። ገደሉ አጠገብ ሰዎች ይጠብቁ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ራሱን ከገመድ ለማዳን መሰከረ፤ ፎካ ሲይዙት ያለውን የነገረው እሱ ነው። ያችን መስመር ድምፄን አውጥቼ አነበብኩላት፦ «ኮአባኔ፣ ልትሸኘኝ አልነበረም እንዴ?»

«ድገሚልኝ» አለች ማሴሊሶ። ደገምኩላት። አላለቀሰችም። የቀረውን፣ አያቷ ተሰቅሎ እስር ቤቱ ግቢ መቀበሩን፣ የሰማችውም አይመስለኝም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ንኮኖ ዘንድ ሄድን። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ማሴሊሶ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ማሴሩ ሄዳ እንደነበር ስትነግራቸው እጃቸው ቆመ።

«አነበብሽው?»

«አነበብኩት።»

«እኔ እዚያ ውስጥ የለሁም» አሉ።

ከዚያ ነገሩን። ለፎካ ጠላውን የቀዱለት እሳቸው ናቸው። ባላቸው መሽቶ ተመልሶ ብርድ ልብሱን እጠቢልኝ ሲላቸው ምንም ሳይጠይቁ አጠቡት። ሰዉ ሁሉ ፎካን ፍለጋ በወጣ ሰሞን አንድ ትንሽ ልጅ በራቸው ላይ ቆሞ «አባቴ እናንተ ጋ ነው?» አላቸው።

«የለም አልኩት፤ ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት። ይዞ ሲሄድ ከኋላው አየሁት። ከዚያ ውሃ ልቀዳ ብዬ ወጣሁና ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። ስሜን እንዳይጽፉት ለመንኳቸው።»

«ባልዎን አሳልፈው ሰጡት?»

«ሰጠሁት። አባትሽን አቅፌ ነው የሄድኩት። ካደገ በኋላ ዓይኑን አፍጥጦ ባየኝ ቁጥር ያወቀብኝ ይመስለኝ ነበር።» ባቄላውን ወደ ጎን አድርገው፣ «ያ ልጅ ቴፎ ነው። ንገሪው። እኔ ልነግረው በተነሣሁ ቁጥር ከደጁ እመለሳለሁ» አሉ።

ወደ ቴፎ ቤት ስንወጣ አንድ ነገር መከርኳት። ስለ አባቱ የመጨረሻ ቃል ከጠየቀሽ አልተጻፈም በይው አልኳት። ቀድማኝ ዳገቱን ወጣች።

ሽማግሌው ደጁ ላይ ኮርቻ ይጠግን ነበር። ተቀመጡ አላለንም። ማሴሊሶ እንደቆመች ሁሉንም ነገረችው፤ የንኮኖንም። ስትጨርስ ወስፌውን ሳያስቀምጥ፣ «ሲይዙት አባቴ ያለው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃት።

ወደ እኔ አየች። ከዚያ ነገረችው።

ወስፌውን አስቀመጠ። «እኔን ያሳደጉኝ ከኋላው ተመትቶ፣ ማን እንደመታው ሳያውቅ ነው የሞተው ብለው ነበር» አለ። «ለካ አውቆ ነው።»

ማሴሊሶ ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት በእጁ ከለከላት። «ያን ዳቦ መንገድ ላይ ጨረስኩት። ርቦኝ ነበር» አለ። «ለአያትሽ፣ ቴፎ ሰምቷል በያት።» ወስፌውን መልሶ አነሣ።

ንኮኖ መልእክቱን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያው ዓመት በብርዱ ወራት ሞቱ።

ማሴሊሶ አሁንም አጠገቤ ትሰፋለች። ሳቋ አንዳንዴ ይመለሳል፣ ቀድሞ እንደነበረው ግን አይደለም። እዚሁ አገራችን፣ ሮማ በምትባለው ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጇ ማዕድን ቆፋሪ ነበር ስለሚባለው ቅድመ አያቷ ለትምህርቷ መጻፍ ፈልጋ ትጠይቃታለች። ያለፈው ሳምንት፣ ምን ልትነግራት እንዳሰበች ጠየቅኳት። «መዝገብ ቤቱን አሳያታለሁ» አለችኝ። «ራሷ ታንብበው። አንቺን ግን ሁለተኛ አላስነብብሽም።»

የደረሰብኝን አውቃልኛለች። ፎካን በሕይወቴ አላየሁትም፤ ድምፁ ምን ይመስል እንደነበር የነገረኝም የለም። ያ ጥያቄው ግን በጆሮዬ የሚመጣው በእኔው በራሴ ድምፅ ነው።