ዘጠኝ ቁጥርን የምጫነው እኔ ነበርኩ

ባለፈው ሰሞን የሥራ ባልደረባዬ ለልጇ ልደት ጠርታን ወደ ቶራንስ ሄድን። ከግቢው በር ደርሰን የመኪናዬን መስኮት ዝቅ አድርጌ የቤቷን ቁጥር ስጫን፣ ከበሩ አጠገብ ካለችው ትንሽ የብረት ሳጥን ውስጥ ያ ረጅም የ«ጢጥ» ድምፅ ወጣና በሩ እያቃሰተ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ልጄ ናኦሚ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና በደስታ አጨበጨበች። እኔ ግን እግሬን ከፍሬኑ ላይ ማንሳት አቅቶኝ፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ጥሩምባውን እስኪነፋብኝ ድረስ ደርቄ ቀረሁ። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እናቴን ይቅርታ መጠየቅ ያምረኛል።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ፣ ሊትል ኢትዮጵያ ከሚባለው ሰፈር ጥግ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። እናቴ አልማዝ እዚያው መንገድ ላይ ካለ የባልትና ሱቅ ስለምትሠራ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመለስ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ የሚውለው አባቴም በዚህች ከተማ በእግሩ ሥራ የሚገባ ሰው ከእሷ ሌላ አይቶ እንደማያውቅ እየነገረ ይቀልድባት ነበር። በራችን ቀን ቀን አይቆለፍም። ከታች ያሉት እትዬ የሺ ሳያንኳኩ ይገባሉ፣ ከሥራ የወጣ ሁሉ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት እኛ ዘንድ ጎራ ይላል፣ የሚቀመጠው ደግሞ ሳሎን ባለው ሶፋ ላይ ነው፤ ሶፋው የእኔ አልጋ ነበር። እንቅልፌ እየመጣ፣ ዓይኔን እያሸሁ፣ እንግዳው እስኪነሳ እጠብቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ የሀገራችንን ሰው ሁሉ ጥምድ አድርጌ ይዤው ነበር። የምመኘው ሰው ዝም ብሎ የማይገባበት ቤት ነበር።

መጋቢት ላይ የዚህ ሀገር ክረምት አልፎ ዝናቡ ሲያባራ፣ የአባቴ ቤት የመግዛት ወሬ ይጀምራል። ዘመዶቹ በየከተማው ተበትነው፣ እያንዳንዱ የራሱን ሰፈር እንደ ልጁ ያሞግስ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሙ ሐኪም ቤት ብትገባ እንኳ ነርሷ በአማርኛ ነው የምትቀበልህ ይላል፤ ዳላስ ጋርላንድ ያለው የአክስቱ ልጅ ጓሮው ለፋሲካ በግ ማሰሪያ እንደሚበቃ ይፎክራል፤ አትላንታ ያለው ጓደኛው ደግሞ ቤቱን ዛፍ ሸፍኖት ከመንገድ እንደማይታይ በኩራት ያወራል። አባቴ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ፣ እኛ ጥር ወር ላይ በቲሸርት ነው የምንዞረው እያለ ሁሉንም ያበሽቃቸዋል። እናቴ ሽንኩርቷን እየከተፈች ታዳምጥና አንድ ቀን ስለ አትላንታው ቤት፣ «ከመንገድ ካልታየ ሰው እንዴት አድርጎ ያገኘዋል?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ሳቅንባት።

አንድ ዓመት ጸደይ ላይ፣ የጃካራንዳው አበባ መንገዱን ሐምራዊ ሲያደርገው፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ነጠላችንን እንደለበስን የሚሸጥ ቤት ልናይ እንዞር ጀመር። እናቴ ሰው በሌለበት ባዶ ቤት ደጃፍ ላይ ጫማዋን አውልቃ ስትገባ፣ የሚያስጎበኘን ሰውዬ ግራ ተጋብቶ እሱም ጫማውን ያወልቅ ነበር። ግሌንዴል ትምህርት ቤቱ ተመሰገነ፣ ቶራንስ የባሕሩ አየር፣ ቫን ናይስ ደግሞ ከአንድም ሁለት ሦስት የምናውቃቸው ቤተሰቦች መኖራቸው። አባቴ አንዱን ከአንዱ ሲያወዳድር፣ እናቴ መንገዱን ግራና ቀኝ አይታ፣ «ሰዉ የታለ?» ትላለች እንጂ ሌላ አትጠይቅም። እኔ ልቤ የሄደው ሳንታ ክላሪታ ነበር፤ ከኮረብታው ሥር፣ አዳዲስ ቤቶች፣ መሐል ላይ ሰማያዊ የዋና ገንዳ፣ ዙሪያው አጥር፣ ደጁ ላይ «ጌት» የሚሉት ተንሸራታች የብረት በር። ጠዋት ማታ እሱን አነሳሁ፣ አኮረፍኩ፣ አለቀስኩም። በመጨረሻ አባቴ «እንግዲህ የምንለፋው ለእሷ አይደል?» ሲል፣ እናቴ ፀጉሬን እየዳበሰች፣ «ለአንቺ ጥሩ ከሆነ ለእኔም ጥሩ ነው» አለችኝ። እኔም አመንኳት።

ሐምሌ ላይ፣ በጋው ሲግል ገባን። የራሴ ክፍል ኖረኝ፣ ከውኃው ውስጥ አልወጣም አልኩ፣ ከሁሉም በላይ ግን የወደድኩት የበሩን ነገር ነበር። እንግዳ ደጅ ላይ ሆኖ ቁጥራችንን ሲጫን የቤታችን ስልክ ይጮሃል፤ ማን እንደሆነ ጠይቀን ዘጠኝ ቁጥርን ስንጫን በሩ ይከፈታል። ስልኩ ሲጮህ ማንም እንዳይቀድመኝ እየሮጥኩ አንስቼ፣ እንደ ዘበኛ ድምፄን አወፍሬ «ማነው?» እል ነበር። እናቴ በኀፍረት ትሸማቀቃለች። እትዬ የሺ በዚያ ሙቀት ድፎ ዳቦ ይዘው ደጅ ቆመው «ማነው?» መባላቸው ነውር ሆኖባት፣ እቤት ሲገቡ ደጋግማ ይቅርታ ትጠይቃቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው መጣ። ከዚያ መንገዱ ራቀ፣ ትራፊኩ በዛ፣ ፈረቃው አልገጥም አለ። እናቴም ፍሪዌይ ላይ መንዳት ስለምትፈራ የሱቁን ሥራ ተወችው። እኔ ስዋኝ በወጥ ቤቱ መስኮት ቆማ ትመለከተኛለች፤ ቀና ባልኩ ቁጥር እጇን ታወዛውዝልኛለች። እኔ የምትዝናና መስሎኝ ነበር።

መስቀል አልፎ፣ ከበረሃው የሚነሳው ደረቅ ነፋስ አጥሩን ሲያንገጫግጭ፣ ደሴ የነበረው የእናቴ ታላቅ ወንድም አረፈ። ያሳደጋት እሱ ነው፤ ወንድም ጋሼ እያለች ነበር የምትጠራው። አባቴ ቀድሞ ሰምቶ በሆዱ ይዞ ከረመ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎችና ወዳጆች ተሰብስበው፣ ማልደው፣ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ደርሰው፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ አስቀምጠው ነው የሚነግሩት። አባቴም ሁሉን አሰናድቶ፣ ጎህ ሲቀድ ጋሼ ታምራት የሚባሉት የድሮ ጎረቤታችን ሰዎቹን ይዘው እንዲመጡ ተነጋግሮ፣ ሊቀበላቸው ቀስ ብሎ ወጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆመ። የግቢውን በር ግን ረሳው። የፌርፋክሱ ቤታችን ሰው ደረጃውን ወጥቶ ገፍቶ የሚገባበት ስለነበር፣ ሐሳቡ ውስጥ ገና እዚያ ነበርን።

ስልኩ ሲጮህ እኔ ከመኝታዬ ዘልዬ ወረድኩ፤ እናቴ ግን ወተቴን ልታፈላ ተነሥታ ስለነበር ቀደመችኝ። አጠገቧ ቆሜ የጋሼ ታምራትን ድምፅ ሰማሁት።

«አልማዝዬ፣ እኛ ነን። ጌቱን ክፈቺልን።»

 ከስልኩ ውስጥ የብዙ መኪና ሞተር ይሰማል። እናቴ ያንን አዳምጣ በቀስታ፣ «ጋሼ ታምራት፣ ስንት ሆናችሁ ነው የመጣችሁት?» አለች። እሳቸው ዝም አሉ።

ያኔ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። «አንቺ ክፈቺላቸው» አለችኝ። እኔም እንግዳ መጣልን ብዬ፣ ደስ ብሎኝ፣ ዘጠኝን ተጫንኩ።

መኪኖቹ ግቢውን ዞረው እስኪደርሱ ድረስ ያለውን ጊዜ ነው የማልረሳው። እናቴ ምድጃውን አጠፋች፣ ነጠላዋን አንሥታ ወገቧ ላይ አሠረች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የሚይዛት ሰው አልነበረም፤ እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። አባቴ ሮጦ ሲገባና ፊቷን ሲያይ የሚነግራት ነገር እንዳልቀረው ገባው። ከዚያ እትዬ የሺ ገቡ፣ ቤቱ በለቅሶ ተሞላ፣ ከማዶ አንድ ጎረቤት መስኮቱን ሲዘጋ አየሁ።

በክረምቱ ዝናብ ሲጥል ስልኩ ቢጮህም መሮጤን ተውኩ። አባቴ ለዓመታት «የጌቱን ነገር እንዴት ረሳሁት?» እያለ ራሱን ይወቅስ ነበር፤ እናቴ ግን እሱንም እኔንም አንድ ቀን አልወቀሰችንም። እኔ ኮሌጅ እስክገባ ድረስ እዚያው ኖረው፣ ከዚያ ወደ ፌርፋክስ ተመለሱ። የዚያን ቤት ወሬ ባነሣሁባት ቁጥር የምታወራልኝ እንዴት እዋኝ እንደነበር ብቻ ነው። ብትወቅሰኝ ይቀልለኝ ነበር።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆኖ ቤት ስፈልግ ከረምኩ። ናኦሚ እንደኔው ገንዳና አጥር ያለውን መርጣ አለቀሰች፤ እኔ ግን ጨክኜ ክሬንሾው አጠገብ አጥር የሌለው፣ ደጃፉ ከእግረኛ መንገዱ ጋር የተያያዘ አሮጌ ቤት ያዝኩ። ባለፈው እሑድ እናቴን አምጥቼ አሳየኋት። ክፍሎቹን ብዙም አላየችም። መንገዱ ዳር ቆማ መኪና እንደልብ ማቆም ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ይቻላል አልኳት። ከዚያ በትሯን ተደግፋ ከመንገዱ እስከ ደጃፉ ቀስ ብላ ሄደች፣ በሩን በመዳፏ ገፋ አደረገችውና ዞር አለች።

«ጥሩ ነው» አለችኝ። «ሰው ዝም ብሎ ይገባል።»

ስለ ማን እንደምታስብ ወዲያው ገባኝ። አንድ ቀን ማለዳ ስለ እሷ ሊነግሩኝ የሚመጡትን ሰዎች መንገድ ነበር የምታየው። ያን ጊዜ እኔ ሰው የማይገባበትን ቤት መርጬ እሷን ለብቻዋ አስቀመጥኳት፤ እሷ ደግሞ ዛሬ እኔ ለብቻዬ እንዳልቀመጥ ደጁን መረመረችልኝ። በሩን ይዤላት ቆምኩ፣ እሷም ጫማዋን አውልቃ ገባች።