ፍሬን ያዡ ፍሉሪን ያላየው ድል

ፍሉሪን ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። ሻምፒዮን ያደረገውን መንገድ ግን ሲወርድበት አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። ፍሬን ያዥ ነበራ! የሁለት ሰው ቦብ ላይ፣ በበረዶ መንገድ ቁልቁል በሚንሸራተተው ጋሪ፣ ከፊት ተቀምጦ መሪውን የሚይዘው ሊናርድ ነው። ፍሉሪን ጋሪውን ገፍቶ፣ ሮጦ፣ ከኋላ ዘሎ ይገባና ጭንቅላቱን ጉልበቱ መሃል ቀብሮ ይቆጥራል። ኩርባዎቹን የሚቆጥረው በጎድኑ ነው። አሥራ ዘጠኙ አልቀው የመድረሻው መስመር ሲታለፍ ፍሬኑን በሁለት እጁ ይስባል። ከመስመሩ በፊት የሳበ ይሰረዛል። "ያላዩት አገር አይናፍቅም" የሚለው ሰው ፍሉሪንን ስለማያውቀው ነው።

እኔ ቪጊል እባላለሁ፣ የበረዶ ሠራተኛ ነኝ። በየኅዳሩ ከተራራው ማዶ፣ ከቲሮል እየመጣን ያንን መንገድ ከበረዶና ከውኃ በእጃችን እንሠራዋለን፤ በመጋቢት ይቀልጣል። ስለዚህ የአንዱ ዓመት መንገድ ከሌላው ዓመት ጋር አንድ ሆኖ አያውቅም። እኔ በመጨረሻ እዚሁ አግብቼ ቀረሁ።

ፍሉሪን የሥጋ ሻጭ ልጅ ነው። ሊናርድ ያገኘው የበሬ ግማሽ ተሸክሞ እያፏጨ ደረጃ ሲወጣ ነው። "ሥጋውን አስቀምጥና ና" አለው፤ አስቀምጦ ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ወረዱ።

ነገሩ የተበላሸው በመጨረሻው ክረምት ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ከመጨረሻው ኩርባ ትንሽ ቀደም ብሎ አንዲት ጉብታ ሳላስተካክል ተውኩ። አሥራ ዘጠነኛው ኩርባ ራሱ ጎድንን በስሱ ብቻ የሚነካ ስለሆነ፣ ጭንቅላቱን ለቀበረ ሰው ሁለቱን መለየት ጭንቅ ነው። በልምምድ ጊዜ ፍሉሪን ጎድኑን እያሸ መጣ።

"ቪጊል፣ እዚያ ጋ ማንን ነው የቀበርከው? አማትህን ነው?"

"እሷ ብትሆን ጋሪው መቼ ያልፍ ነበር?" አልኩት። ስቀን ተለያየን። ያኔ አካፋ ይዤ ብወርድ ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ።

በፍጻሜው ዕለት ወረዱ። ፍሉሪን አሥራ ስምንት ቆጠረ፣ አንዲት ግጭት ጎድኑን ነካችው፣ ሳበ። ጉብታዋ ትሁን ኩርባው አላወቀም። በሁለት መቶኛ ሰከንድ አሸነፉ። ሰው ሁሉ፣ ዳኞቹም ጭምር፣ ያዩት ሰዓቱን ነው። እኔ ፍሬኑ የቦረቦረውን ቦይ በራሰ በረዶ ለስኜ ሸሸሁ፤ የመጨረሻው ጋሪ ከላይ ሊለቀቅ ነበርና። የኛ ሥራ እንዲህ ነው፤ ስንጥቅ ታያለህ፣ ትለስናለህ፣ የማንና የት እንደሆነ አትጠይቅም።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። ሊናርድ ባለፈው መኸር ሞተ። ዘንድሮ የመንደሩ ሰዎች አሥራ ዘጠነኛውን ኩርባ በፍሉሪን ስም ሊሰይሙት ተስማሙና እሺታውን እስከ እሑድ እንዲነግራቸው ጠየቁት። ዓርብ ዕለት እኔ ጋ መጣ፤ ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነበር።

"ያን ቀን የለሰንከው ቦይ ከመስመሩ በላይ ነበር ወይስ በታች?"

ውሉ ጠፋኝ። አንዴ ከላይ ሆኖ ይታየኛል፣ አንዴ ከታች። "ፍሉሪን ሙት፣ አላስታውስም" አልኩት።

"እኔም አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሻምፒዮን ሲሉኝ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሌባ ልሁን ሻምፒዮን ልሁን ግራ ገብቶኛል።"

አንጀቴን በላው። ተያይዘን መንገዱ የሚሠራበት ቦታ ወረድን፤ በበጋ ሣር ብቻ ነው፣ ላሞች ይግጡበታል። የወደቀ ግንድ ላይ እኔ በሊናርድ ቦታ ከፊት ተቀመጥኩ፣ እሱ ከኋላዬ ጭንቅላቱን ቀበረ። "ሰውነቴ አይረሳም፤ ስስብ ሰዓቱን ያዝ" አለኝ። የድሉን ሰዓት የመንደሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሥጋ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ስልሳ ስድስት ሰከንድ ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ቀድሞ ከሳበ፣ የሳበው ከመስመሩ በፊት ነው ማለት ነው።

ጀመርን። ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ እኔንም ይዞኝ ይወዛወዛል። አንዲት ላም መጋጧን ትታ ታየን ነበር። ቁጥሩን በሹክሹክታ እሰማዋለሁ፤ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። ድንገት ቀበቶዬን በሁለት እጁ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ሰዓቱን አቆምኩ። ስልሳ አራት።

"ስንት ሆነ?" አለ፣ ቀና ሳይል።

የሽማግሌ እጅ ምን ይታመናል? ብዬ አሰብኩ። ደግሞ የማን እጅ ነው የሚታመነው? ጉብታዋን የተወው የኔ እጅ?

"ስልሳ ስምንት" አልኩት። "ከመስመሩ በኋላ ነው።"

ቀበቶዬን ለቀቀ። የላሟ ቃጭል ሁለት ሦስት ጊዜ ተሰማ።

"ቪጊል" አለኝ በመጨረሻ፣ "አንተ መቼም ስንጥቅ አይተህ ሳትለስን አታልፍም።" ሰዓቱን አሳየኝ አላለም። እኔም ኪሴ ከተትኩት።

እሑድ ዕለት መንደሩ ተሰብስቦ ሲጠብቀው ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ።

"ኩርባውን በሊናርድ ስም ጥሩት" አለ። "እሱ ዓይኑን ገልጦ ነው ያለፈው።"