ለፖልታቫ የተቀመጥንበት ሽምግልና

በጃንሆይ ዘመን ነቀምት ስማር የታሪክ መምህራችን ስዊድናዊት ነበሩ፤ በኦሮምኛ ወይዘሮ ለማለት «አዴ» እንላቸው ነበር። የስዊድን ንጉሥ በሩሲያው ዛር ስለተሸነፈበት ስለ ፖልታቫ ጦርነት ሲያስተምሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የተሸነፈው እግሩ ቆስሎ በቃሬዛ ሆኖ ስላዋጋ ነው ይሉን ነበር። ባኬ ጃማ ከሚባለው የነቀምት ሰፈር የሚመጣው ጓደኛዬ ግን ከቤተ መጻሕፍት ያገኘውን መጽሐፍ አምኖ ፈተናው ላይ «የሩሲያ መድፍ ስለበለጠ» ብሎ ጻፈ። ስህተት ተባለ። በዚያች ነጥብ የተነሳ ክፍል ሊደግም ሆነ።

«አዴ፣» አለ ተነስቶ፣ «እኛ ሰፈር ሽማግሌ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም።»

«ሽማግሌዎቹ ታዲያ የት አሉ?»

«ይኸው፣ ክፍሉ ሙሉ።»

አዴ ሳቁና ተቀመጡ። እንደ አገሩ ደንብ፣ ሳናቋርጥ ሁለቱንም መጽሐፍ አስነበብን። የእሳቸው መጽሐፍ ደራሲ ስዊድናዊ ነበር፤ መድፉን በአንድ መስመር አልፎታል። የጓደኛዬን መጽሐፍ የጻፈው ሩሲያዊ ደግሞ ቃሬዛውን ጭራሽ አላነሳውም።

አዴ መጽሐፋቸውን ቀስ ብለው ዘጉ። «ልጅ ሆኜ አባቴ ያነበበልኝ ነው» አሉና ነጥቡን ሰጡት።

ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኛ ሆኜ ስለ ብዙ ጦርነት ዘግቤያለሁ። ማንም ማንንም ሳያቋርጥ የተደማመጠበት ያ ክፍል ግን ዛሬም ይናፍቀኛል።