ከዓሣዎቹ ሥዕል ሥር ያጠብነው ብሩሽ

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ለባለቤቴም ጭምር። አሁን የምጽፈው ትንሽ ይቅለለኝ ብዬ እንጂ፣ የሚስተካከል ነገር ኖሮ አይደለም።

ቀበና ወንዝ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሥዕል መምህር ነኝ። ያን ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ክበቡን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ወንዙ ዳር ባለው ረጅም የግንብ አጥር ላይ ከልጆቹ ጋር ሥዕል እንድንስል ተፈቀደልን። ሐሳቡ የኔ ነው። ሰዉ ቆሻሻ የሚጥልበት ቦታ ላይ የልጆች ሥዕል ካየ ያፍራል ብዬ ሰፈሩን ሁሉ አሳመንኩ። ከየቤቱ የተረፈ የዘይት ቀለም ለምነን ሰበሰብን።

ከልጆቹ ሁሉ ጎበዟ ሃዊ ነበረች፤ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ናት። አባቷ ጋሽ ቶሎሳ ድሮ ገበሬ ነበሩ። መሬታቸው ከተማ ሆኖ ሲያልቅ፣ ከግንቡ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለች ጠባብ የወንዝ ዳር ቦታ ቆስጣና ሰላጣ እየተከሉ በዚያ ቤተሰባቸውን ያኖሩ ነበር። ሃዊ ግንቡ ላይ ጥርት ያለ ወንዝ ሣለች፤ ውስጡ ዓሣ፣ ዳሩ ላይ የአባቷ ቆስጣ። እኔ ከቀበና ዓሣ ሲወጣ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ግን ደስ አለኝ።

የግንቡ ሥዕል ምረቃ ዋዜማ ዓርብ ነበር። እኛ ዘንድ እንግዳ ይመጣል ከተባለ የሚደረገው ይታወቃል፤ ዓይን የሚያስቀይም ነገር ሁሉ ይሰወራል፣ የት እንደሄደ አይጠየቅም። ርዕሰ መምህሩ መጥተው «ይሄ ሁሉ ጣሳ ምንድነው? ነገ የክፍለ ከተማ ሰዎች ይመጣሉ፤ አንድም ነገር እንዳላይ» ብለውኝ ሄዱ። ልጆቹ ደክሟቸዋል፣ እኔም ደክሞኛል።

«ብሩሹን እጠቡና የቀረውን ድፉት» አልኩ።

«የት ቲቸር?» አለች ሃዊ።

«ወንዙ ውስጥ ነዋ። ይወስደዋል።»

አየችኝና ታዘዘች። ቀለሙን፣ ማቅጠኛውን አኳራጅ፣ ብሩሽ የታጠበበትን ሁሉ ደፋነው። በጋ ስለነበር ውኃው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ራሱም በቅጡ አይሄድ፣ እንኳን ሌላ ሊወስድ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው።

በማግስቱ ድንኳን ተጥሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ልጆቹ እየዘመሩ ሳለ ጋሽ ቶሎሳ ከታች መጡ። ለምረቃው የለበሱት ኮት እጅጌው ረጥቧል። የሃዊን እጅ ይዘው ወደ ጥግ ጠሩኝ።

«መምህር፣ ላስቸግርዎት። ለአትክልቱ ውኃ የምገድብበት ጉድጓድ ቀለም ሞልቶት አድሯል። ጎህ ሲቀድ ሳላስተውል በባልዲ እየቀዳሁ አጠጣሁበት። ሲነጋ ባየው ቅጠሉ ሁሉ ቅባት ለብሷል፤ ጋዝ ጋዝ ይላል። ማን ይገዛኛል? የልጆቹ ይሆን እንዴ ብዬም ነበር። ግን እርስዎ ባሉበት እንዲህ አይደረግም።»

ሃዊ ቀና ብላ አየችኝ። የሚጠበቅብኝ አንድ ቃል ነበር። እንግዶቹ ከኋላዬ ተቀምጠዋል፤ ርዕሰ መምህሩ በዓይናቸው ይጠሩኛል።

«ከላይ ካሉት ጋራዦች ነው የሚሆነው ጋሽ ቶሎሳ። እነሱ መቼ ይጠነቀቃሉ» አልኳቸው፤ ያውም አፌን ሞልቼ።

«እኔም ብያለሁ» አሉና የልጃቸውን ራስ ዳበስ አድርገው ተመለሱ። ሃዊ ወደሚዘምሩት ልጆች ተመለሰች። መምህሯ አይደለሁ? በአባቷ ፊት ውሸታም ነህ እንዴት ትበለኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ መድረክ ላይ ወጥቼ የምስጋና ወረቀት ተቀበልኩ።

ጋሽ ቶሎሳ ያን ሁሉ ቆስጣ ነቅለው ጣሉት። እንደገና ቢተክሉም እንደ ድሮው አልሆነላቸውም፤ ደንበኞቻቸውም ሸሹ። በዓመቱ ቦታውን ትተው ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ጥበቃ ተቀጠሩ። ሃዊ ከክበቡ ወጣች። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እንዳትነግረኝ ፈራሁ። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፤ ዓይኔን ግን አታይም። ግንቡ ሥርም ቆሻሻው እንደ ድሮው ይጣላል፤ ያፈረ ሰው አላየሁም።

እውነቱን ልንገራቸው ብዬ ስንቴ ሲ.ኤም.ሲ ከታክሲ ወርጄ ተመልሻለሁ። ባለፈው ግን ራሳቸው አዩኝ። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አብሯቸው ለሚሠራው ጥበቃ አስተዋወቁኝ።

«ልጄን ስለ ወንዝ ያስተማሩልኝ መምህር እሳቸው ናቸው» አሉት።

አመስግኜ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አላልፍም።