የፈረሱ ዘፈን

ከጎባ ሮቤ በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮ ሳይከፈት ቀርቶ አያውቅም። በቀደም አንዲት ጋዜጠኛ፣ «ሲከፋችሁ የሚያነቃቃችሁ ዘፈን የቱ ነው?» እያለች አድማጮቿን ትጠይቃለች። የሚደውለው ሁሉ አፍታ ሳያስብ ይመልሳል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ወደ እኔ ዞራ፣ «የእርስዎስ እትዬ?» አለችኝ።

«እኔ ዘፈን አልወድም» አልኳት። ውሸቴን ነው። እወድ ነበር፤ አንዱን ደግሞ ከሁሉም አብልጬ።

ያ ዘፈን የታላቅ ወንድሜ ነበር። ከሮቤ ወጣ ብሎ ባለው የስንዴ እርሻ ኮምባይነር ላይ አንድ መኸር በረዳትነት ሠርቶ ቴፕ ገዛ። ካሴቱን ገዝቶት ይሁን ተውሶት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እንዳልመለሰው ግን አውቃለሁ። ዘፈኑ በኦሮምኛ ነው። አንድ ሰው ፈረሱ ይጠፋበትና ሲፈልግ ውሎ ሠርግ ቤት ይደርሳል። እዚያ ሲበላና ሲጨፍር ፈረሱን ጭራሽ ይረሳዋል። በመጨረሻ ፈረሱ ራሱ ባለቤቱን ፍለጋ ይመጣል። ወንድሜ ፈረሱን ሆኖ፣ አንገቱን በበሩ አስግጎ ሲያሽካካ፣ እናቴ «ኧረ ወግድልኝ! ይሄ ልጅ አበደ!» ትልና ሳቋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ከዚያ ትከሻዋ ብቻውን መነቅነቅ ይጀምራል። የአባቶቿ አገር ሸዋ ቢሆንም እሷ ጎባ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ከዘፈኑ ቀልድ አንድም አያመልጣትም። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤታችን ሳቅ የገባው በዚያ ፈረስ ጀርባ ነው።

ወንድሜ ወደ ሰሜኑ ጦርነት ዘመተ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፣ በኋላ ቀረ። እናቴ ከመደቡ ላይ መነሳት ተወች። እህል ስሰጣት «ቆይ» ትለኛለች፤ ቆይ ማለት አልበላም ማለት ነው። ከዚያ የሚያወጣት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው የልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ቴፕ። ሰውየው ዘፈን ካልከፈተ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት የሚችል አይመስለኝም። የፈረሱንም ዘፈን ከወንድሜ አስቀድቶ ነበር። ከአስር ሰላት መልስ ያችን ይከፍታታል፣ ሆን ብሎ ለእናቴ። ድምፁን ከፍ ያደርግና ከደጃፉ ሆኖ፣ «አዴ! አከም ጅርቱ?» ይላታል፤ እማማ፣ እንዴት ነዎት ማለቱ ነው። «ፈያ!» ትለዋለች፣ ደህና ነኝ ስትል። ያኔ ሁለት ሦስት ጉርሻ ትቀምስልኛለች። እኔም ምግቡን በዘፈኑ ሰዓት ማቅረብ ለመድኩ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መንደሩ ጭር ብሏል። የልብስ ሰፊው ቴፕ ተዘግቷል። አጠገቡ ያለው ሻይ ቤትም ዝም ብሏል። እናቴ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ፣ «ዛሬ ጎረቤታችንን ምን ነካው?» አለችኝ።

«ቴፑ ካሴቱን በልቶበት ይሆናላ።»

ሳህኑን ገፋችው። ተናደድኩ። በእሷ አይደለም፤ በማን እንደሆነም አላውቅም። የወንድሜን ቴፕ ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። የደከሙትን የባትሪ ድንጋዮች በጥርሴ ነከስ ነከስ አድርጌ መለስኳቸው፣ ካሴቱን በእስክሪብቶ አጠነጠንኩት፣ ቴፑን መስኮቱ ላይ ወደ መንገድ አዙሬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። ይኸው፣ እናንተ ባትከፍቱ እኛም አለን ማለቴ ነበር።

እናቴ ቀና አለች። «ፈረሱስ?» አለችኝ።

ፈረስ ሆኜ አላውቅም ነበር። አንገቴን በበሩ አስግጌ አሽካካሁ። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል፣ አንድም የሚስቅ የለም። እናቴ ግን ሳቀች። ትከሻዋ ተነሳ፣ ከዚያ እሷም ተነሳች።

ጎረቤታችን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መንገዱን አቋርጦ መጣ። «ልጄ፣ ትንሽ ቀነስ አድርጊው» አለኝ።

«ለእማዬ እኮ ነው ጋሼ! እርስዎ ካልከፈቱላት ምን ላድርግ?»

እናቴ አየችው። «ምን ቆመሃል? ግባና አጨብጭብ እንጂ!»

ሁለት ጊዜ እጁን አጋጨ፣ ከዚያ «ይጫወቱ አዴ፣ ይጫወቱ» ብሎ ተመለሰ። እናቴ ያን ዕለት ሳህኑን ጨረሰች። እኔም አሸነፍኩ ብዬ ተኛሁ።

ገና ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ ሰዎች ደጃችንን ሞልተውታል፤ የእናቴ የነፍስ አባት፣ የእድሩ ዳኛ፣ ከኋላቸው ልብስ ሰፊው። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው። ከወንድሜ ጋር የዘመተ የጎባ ልጅ ቆስሎ ተመልሶ ነበር፤ ወሬውን ያመጣው እሱ ነው። ከእኛ በቀር መንደሩ ሁሉ ከትናንት ጀምሮ ያውቃል። ቴፑ የተዘጋው ለዚህ ነበር። ሐዘን ባለበት ቤት አጠገብ ዘፈን አይከፈትም፣ ባለቤቶቹ ገና ባይሰሙም።

እናቴ መጀመሪያ አላለቀሰችም። ሰዎቹን ትታ መስኮቱ ላይ ያደረውን ቴፕ አየች። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች።

«ትናንት ታውቅ ነበር?»

«አንድ ምሽት እንኳ ትሁንልዎ ብዬ ነው አዴ። ወላሂ ሌላ አላሰብኩም።»

«ጨፈርኩበት» አለች። «ልጄ ሞቶ ጨፈርኩበት።» ደረቷን መምታት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥፋተኛ የምለው ሰው ቢኖር ደስ ባለኝ፤ ጥፋተኛ ያለው ሐዘንተኛ ቢያንስ የሚረግመው አያጣም። እኛ ግን የምንረግመው አልነበረንም። ሁሉም እንደ ወጉ ነው ያደረገው።

አርባውም ዓመቱም ወጣ፤ ጎረቤታችን ግን ቴፑን አልከፍትም አለ። ለእኛ አዝኖ ነው። እናቴ ደግሞ ዝምታውን ትፈራው ጀመር። ከሰዓት በኋላ በሆነ ቁጥር ከመደቡ ላይ ብድግ ትላለች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማዬ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ሄጄ ለመንኩት። እሺ ብሎ ሌላ ዘፈን፣ ለስለስ ያለ መርጦ ከፈተ። ገና ጭብጨባው ሲጀምር እናቴ ጆሮዋን ይዛ ጓዳ ገባች። ዘፈን ሲኖር ያቺ ምሽት ትመጣባታለች፣ ዝም ሲባል ሞት። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ የሚነግረን ሰው አጣን። ጠበል ወሰድኳት፣ ጎባ ሆስፒታልም ወሰድኳት። ያው ሆና ተመለሰች።

አንድ ቀን ራሷ መላ አመጣች። «ያን ቴፕ ክፈቺው» አለችኝ። «ግን እንዳልሰማው አድርገሽ።»

የፈረሱን ካሴት አስገባሁ። ድምፁን ቀነስኩት፣ ቀነስኩት፣ ምንም እስከማይሰማ ድረስ። ካሴቱ ይዞራል፣ ትንሿ ቀይ መብራት በርታለች።

«አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«በይ ተይው።»

እስክትሞት ድረስ እንዲሁ ኖርን። በየቀኑ «አለ?» ትለኛለች፣ በየቀኑ «አለ» እላታለሁ። አልተሻላትም፤ ትከሻዋም ዳግመኛ አልተነሳም። ድንጋይ ሲያልቅብኝ እንኳ ዋሽቼ «አለ» እላት ነበር።

በቀደም ከሚኒባሱ ወርጄ ቤቴ ስገባ፣ ጠዋት የተውኩት ሬዲዮ ድምፁ እንደተቀነሰ ይሠራል። ዘፈን ይሁን ዜና አላውቅም። መደቡ ባዶ ነው፣ የሚጠይቀኝም የለም።

«አለ» አልኩ።