በበግ የተተመነ ማር

ዶላር በየቀኑ ሲጨምር ጊዜ፣ ማር ከሚያቀርብልኝ የማሻ ሰው ጋር በብር ዋጋ መቁረጥ አቃተን። በዶላር እንዋዋል ብለን ሚዛን ከተማ ያለውን ጠበቃዬን ባማክረው «መታሰር አማራችሁ?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ብልጡ «እንግዲያው በበግ!» አልኩ። የአንድ ጀሪካን ማር ዋጋ፣ ማሩ በሚገባበት ቀን ቴፒ ገበያ ላይ አንድ ሙክት በግ የሚያወጣው ዋጋ ይሁን ብለን ተፈራረምን። ቀኑን ሰውየው መረጠ፤ እኔም ካላንደር ሳላይ እሺ አልኩ።

ለካ የፋሲካ ዋዜማ ኖሯል! የበግ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ገበያ ወርጄ ነጋዴዎቹን «ቀንሱ እንጂ!» ብዬ ብጮህባቸው፣ «ለማትገዛው በግ ምን አንጨረጨረህ?» አሉኝ።

ጾሙን ሙሉ በሽሮ የገፋሁት እኔ፤ ጾማችንን የማይጾመው ጴንጤ ማር ሻጬ ግን በእኔ ብር ፈሰከ።